የቆቦን ቆርቆሮ ቤት ለማቀዝቀዝ ስንት ሣንቲ ሜትር ፎም ይበቃል?

በቆቦና በራያ ቆላ ቤት የሠራ ሰው የቆርቆሮን ጠባይ ያውቀዋል። ከረፋዱ ጀምሮ ጣሪያው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ነጋዴም ዕቃውም አብረው ይጋገራሉ። በሣር ክዳን ቤት ሙቀቱ እንዲህ አይበረታም ነበር። ቆርቆሮ ዝናብንና እሳትን ቢቋቋምም፣ ሙቀት የሚያግድበት ውፍረት የለውም።

ይህን ጉድለት ከሚሞሉት ዕቃዎች አንዱ ከቆርቆሮው ሥር ተረጭቶ የሚያብጥና የሚደርቅ ፎም ነው። ከፍራሽ ፎም ጋር እንዳይምታታ። የሚፈጀው መጠን በውፍረቱ ልክ ስለሚጨምር፣ «ምን ያህል ይወፍር?» የሚለው ጥያቄ የኪስ ጉዳይ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በባዶ ቆርቆሮ 100 እጅ ሙቀት ይገባል እንበል። ጠንካራው ዓይነት ፎም 2.5 ሳ.ሜ. ሲረጭ ይህን ወደ 17፣ 5 ሳ.ሜ. ሲሆን ወደ 10፣ 10 ሳ.ሜ. ሲሆን ደግሞ ወደ 5 ያወርደዋል። የመጀመሪያው 2.5 ሳ.ሜ. 83 እጁን ሲያስቀር፣ የመጨረሻው 5 ሳ.ሜ. የሚያስቀረው 5 እጅ ብቻ ነው። ለ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ግን ፎሙ ከ2.5 ወደ 5 ሜትር ኩብ ያድጋል።

ስለዚህ ለቆላ ቤት 5 ሳ.ሜ. ይበቃል፤ አቅም ካነሰ 2.5ም ብዙ ይሠራል። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰው ዓይነት ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 7.5 ሳ.ሜ. ያስፈልጋል። የሚገርመው፣ በ5 ሳ.ሜ. ፎም የሚገዛው መከላከያ 15 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ደረቅ የሣር ክዳን ይሰጥ ከነበረው ብዙም አይበልጥም።

ከመዋዋል በፊት ግን ልብ ይበሉ። የሚያፈስ ቆርቆሮ አስቀድሞ ይጠገን፤ በኋላ ቀዳዳው አይታይም። ፎም ስለሚቀጣጠል በጂፕሰም ወይም በልስን ይሸፈን፤ ከማድቤት ጭስ ማውጫም ይራቅ። በሚረጭበት ቀን ቤተሰብ ቤት ውስጥ አይዋል፤ ቤቱ እስኪናፈስም አንድ ሙሉ ቀን ይጠበቅ።

ፎም ሙቀት እንዳይገባ እንደሚያግድ ሁሉ የገባው እንዳይወጣም ስለሚያግድ፣ ማታ መስኮት መክፈት ግድ ነው። ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊትም ቀጭን ሚስማር በየቦታው ሰክተው ጥልቀቱን ይለኩ። የተዋዋሉት 5 ሣንቲ ሜትር ሆኖ 3 ሆኖ ከተገኘ፣ ለቀሪው 2 የሚከፈል ገንዘብ የለም።