አውሮፕላኗ ስለ ምን አለፈችን?

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት፣ የአምባሰል ቆላ ማሽላ ፍሬ ቋጥሮ ጤፉም ለአጨዳ በተቃረበበት ሰሞን፣ የበረሃ አንበጣ ከአፋር በኩል ሰማዩን አጥቁሮ በመጣ ጊዜ፣ ወንዱ ጅራፍ እያጮኸ፣ ሴቱ ጣሳ እየደበደበ፣ ካህናቱ በምሕላ ሼኾቹም በዱዓ ቆመው ሳለ፣ አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ልክ በቀትር በአጎቴ እርሻ አናት ላይ እያጓራች አልፋ ሄደች፤ እሳቸውም እስከ ዛሬ ድረስ፣ «አንዲት ጠብታ እንኳ ሳትጥልልን!» እያሉ ያማርራሉ።

ማማረራቸው አይፈረድበትም፤ 2 ግራም ያህል የምትመዝን አንበጣ በየዕለቱ የክብደቷን ያህል ስለምትበላ፣ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ 40 ሚሊዮን መንጋ በአንድ መዓልት 800 ኩንታል ልምላሜ ያጠፋልና። ነገር ግን የርጭት ጥበብ በሰዓት ላይ የተመሠረተ ነው። አንበጣ ሌሊቱን በቁጥቋጦ ላይ ሰፍሮ በቁር ደንዝዞ ስለሚያድር፣ ፀሐይ ወጥታ አካሉን እስክታሞቅለት ድረስ እንደ ልቡ አይበርም፤ አብራሪው አጥብቆ የሚሻትም ይህችኑ የማለዳ ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ውኃ ሳይገባበት፣ ለ1 ሄክታር 1 ሊትር ወይም ከዚያ ባነሰ ልክ፣ ከክንፉ ሥር በሚሽከረከር ወንፊት መሰል ዕቃ እንደ ጉም ደቅቆ የሚወርድ ነውና፣ በቀትር ከጋለው ምድር የሚነሣው አየር ወደ ላይ አንሥቶ ወዳሻው ይበትነዋል።

ለዚህ ግብር የሚመቸው እንደ አዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻ ለጥ ያለ ምድር ነው። (የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1970ዎቹ ማብቂያ በፈቃድ የገጣጠማትን የእርሻ አውሮፕላን «እሸት» ብሎ መሰየሙን ባስታወስሁ ቁጥር፣ ስሙን ያወጣው ሰው የገበሬ ልጅ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።) የእኛ አገር ግን ገደል በገደል ሆኖ፣ ዝቅ ብሎ ለሚበር አብራሪ ከፊቱ አምባ ይደቀንበታል፤ በደቡብ በኩል የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ ከነዓሣው ተኝቷል፤ አምባሰልንም ሽማግሌዎች በዐረብኛ ማር ማለት ከሆነው «አሰል» አገናኝተው «የማር አምባ» ይሉታል፤ አንበጣን የሚገድለው መርዝ ደግሞ ንብን ለይቶ አይምርም።

ባለፈው ክረምት ይህን ሁሉ ለአጎቴ ባስረዳቸው፣ በጓሮው ዋንዛ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎቻቸውን አሻግረው እያዩ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ይሁን ልጄ፤ ታዲያ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ብትመጣስ ምን ነበረበት?» ብለው ጠየቁኝ። በማግሥቱማ መንጋው፣ ነፋስ ሲረዳው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነውና፣ አገዳውን ብቻ አቁሞላቸው ሄዶ ነበር።