የባቱር ተራራ የንጋት ጉዞ በቅናሽ ዋጋ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት፣ ኡቡድ በምትባለው ከተማ፣ ሚኒባሶች ከአንዱ የእንግዳ ማረፊያ ወደ ሌላው እየዞሩ እንቅልፍ ያልጠገቡ መንገደኞችን ይለቅማሉ። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኪንታማኒ ደጋ ያቀናሉ። መድረሻው ባቱር የተባለው እሳተ ገሞራ ነው፤ ጉዳዩ ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ተራራው አናት ላይ መገኘት።

በቡድን ለሚሄድ ሰው ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጓጓዣን፣ መሪን፣ የእጅ ወይም የግንባር ባትሪንና ቀለል ያለ ቁርስን ያጠቃልላል። የርካሽነቱ ምክንያት መኪናውም መሪውም የጋራ መሆኑ ነው። ለብቻ መኪና የሚፈልግ ጨምሮ ይከፍላል፤ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ግን ያንኑ መንገድ በዚያው ጨለማ ይወጣል። ስለዚህ በእኔ ግምት እዚህ ጉዞ ላይ ገንዘብ መቆጠብ የሚያጎድለው ነገር ጥቂት ነው። በጂፕ የሚሄዱት ጥቁሩን የላቫ ሜዳ እያቋረጡ ፀሐይዋን ከመመልከቻ ቦታ ያያሉ እንጂ ጫፉ ላይ አይደርሱም።

መሪ መያዝ በባቱር ምርጫ አይደለም። የአካባቢው የተራራ መሪዎች ማኅበር ያለ መሪ መውጣትን አይቀበልም፤ በዚህ የሚያጉረመርም ጎብኚም አይጠፋም። መንገዱ ግልጽ ነው፣ ለምን እከፍላለሁ የሚለው ክርክር በቀን ብርሃን ያስኬድ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ተራራ የመሪዎቹን ወገኖች መንደር በልቷል። በ1926 እ.ኤ.አ. የፈሰሰው ላቫ የባቱርን መንደር ከነቤተ መቅደሱ ቀበረው። ነዋሪው ወደ ላይ፣ ተራራውን ወደከበበው ትልቅ ጎድጓዳ አፋፍ ተሰዶ መንደሩንም ኡሉን ዳኑ ባቱር የተባለውን ቤተ መቅደስም እንደገና ሠራ። እዚያ የምትመለከው ዴዊ ዳኑ፣ በተራራው ጎን ያለው ሐይቅ አምላክ ናት፤ ከተራራው በታች ውኃ እየተካፈሉ ሩዝ የሚያለሙ ገበሬዎች መባቸውን ለእሷ ያመጣሉ። ሱባክ የሚባለው ይህ የውኃ ክፍፍል ሥርዓት በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ተራራው ዛሬም አልሞተም፤ በ2000 እ.ኤ.አ. እንኳ ፈንድቷል። ከዚህ ሕዝብ የወጣ መሪ መቅጠር ለእኔ ተገቢ ክፍያ ነው።

ቦታውን ለመረዳት በጥንት ፍንዳታ የተደረመሰ፣ 10 በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ጎድጓዳ ማሰብ ያስፈልጋል። በመካከሉ 1,717 ሜትር ከፍታ ያለው ባቱር በቅሏል፤ በጎኑ የደሴቲቱ ትልቁ ሐይቅ ተኝቷል። የእግር ጉዞው ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ከሐይቁ ዳር ይጀምርና 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የተራራው ጫፍ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ስለሆነ ደገኛ አንባቢ ለትንፋሹ አይስጋ። የሚያስቸግረው ከእግር ሥር የሚንሸራተተው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው፤ በተለይ ቁልቁል ሲመለሱ። የባሊን ሙቀት አምኖ በሸሚዝ ብቻ የወጣ ሰው ደግሞ ላብ ካጠመቀው በኋላ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የምትርቀውን ያህል ባሊ ወደ ደቡብ ትርቃለች፤ ስለዚህ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትወጣለች። ከሐይቁ ማዶ የአባንግ ተራራ፣ ከኋላው ግዙፉ አጉንግ ይታያሉ። ሰማዩ ከጠራ ደግሞ በጎረቤት ደሴት ሎምቦክ ያለው ሪንጃኒ ከባሕሩ በላይ ብቅ ይላል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ዝናብ ስለሚበዛ ደመናው ሁሉንም ሊጋርደው ይችላል። ቁርሱ ሙዝ በዳቦ እና እንቁላል ነው፤ እንቁላሉን መሪዎቹ ከመሬት በሚወጣው እንፋሎት ይቀቅሉታል። ዳቦውን በእጅ ይዞ መዘናጋት አያዋጣም፤ ተራራው ላይ ያሉት ጦጣዎች ነጣቂዎች ናቸው።

ሲመለሱ ብዙ ሚኒባሶች አንድ የቡና እርሻ ደጅ ይቆማሉ። እዚያ ጥርኝ መሰል እንስሳ በልቶ ካስወጣው ፍሬ የሚዘጋጅ ሉዋክ የተባለ ቡና በውድ ይሸጣል። እንስሶቹ በጠባብ ጎጆ ታጉረው የሚያዙበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ይቅርባችሁ። ቡና ካማራችሁ ኪንታማኒ ራሱ ጥሩ አረቢካ ያበቅላል፤ ዘሩም መነሻው የእኛው አገር ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የተራራው መግቢያና የመሪው ክፍያ በዋጋው ውስጥ መካተቱን፣ በአንድ መሪ ስንት ሰው እንደሚመደብ ጠይቁ። ጃኬትና የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ ያዙ። ለመሪው ጉርሻ የሚሆን ዝርዝር የኢንዶኔዥያ ሩፒያም አትርሱ።