ስለ ነበልባል ጠቋሚ መሣሪያና ለአሶሳ ነጋዴ ስለሚሰጠው ጥቅም

ነጋዴ ሀብቱን በብዙ ዘመን ድካም ያከማቻል፤ እሳት ግን በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ፥ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ሱቅና ዕቃ እንዳወደመ አይዘነጋም። ከዋና ከተማችን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው በአሶሳ ደግሞ ቤንዚንና ናፍጣ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ የተቃጠለውን መተካት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ የነዳጅ ማደያ፥ የጄኔሬተር ቤት ወይም የበርሜል ማከማቻ ያለው ሁሉ ይህን መሣሪያ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

የጢስ ጠቋሚ ጢሱ እስኪደርስበት፥ የሙቀት ጠቋሚም አየሩ እስኪግል ድረስ ይጠብቃል። ነበልባል ጠቋሚ ግን እንደ ዘበኛ ዓይን ከሩቅ ያያል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ሲነድ የሚወጣው ትኩስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ኢንፍራሬድ የተባለውን በዓይን የማይታይ ጨረር፥ በተለይም የሞገዱ ርዝመት 4.4 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነውን አብዝቶ ይለቃል። ከፀሐይ የሚመጣውን የዚህን ሞገድ ጨረር ግን በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛውን ይውጠዋል። በመሆኑም መሣሪያው በጠራራ ፀሐይ እንኳ እሳትን ለመለየት ይችላል። ከዚህም በላይ ነበልባል በሴኮንድ ከ1 እስከ 10 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የጋለ ብረት ግን አይርገበገብም። ሦስት ጨረር ተቀባዮች ያሉት ዓይነት አንዱን በነበልባሉ ሞገድ ላይ፥ ሁለቱን በአጠገቡ ባሉ ሞገዶች ላይ አድርጎ በማመዛዘን የሐሰት ጥሪን ይቀንሳል።

መሣሪያው ያየውን የሚያስታውቀው በሽቦ ነው። ብዙውን ጊዜ በ24 ቮልት ይሠራል፤ እሳት ሲያይ ሪሌ የተባለውን ማብሪያ ዘግቶ ደወሉን ያስጮኻል። ሌላው መንገድ የኤሌክትሪኩን መጠን ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ማለዋወጥ ነው። በተለመደው አሠራር 4 ሰላም ነው ማለት ሲሆን፥ 20 እሳት ተነሥቷል ማለት ነው። ወደ 0 ቢወርድ ግን ሽቦው ተቆርጧል ወይም መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ዝምታ እንደ ደኅንነት አይቆጠርም። ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ መስመር ማገናኘት ለሚፈልግ ደግሞ ሞድባስ የተባለ የመልእክት ሥርዓት አለ።

በአገራችን ሁኔታ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በበጋ ወራት የደረቀ ሣር ይቃጠላል፤ ይህም እውነተኛ ነበልባል በመሆኑ መሣሪያው ከአጥር ውጭ ያለውን እሳት አይቶ ሊጮኽ ይችላል። ስለዚህ ፊቱ ወደ ታች፥ ወደ ግቢው ውስጥ ይዙር። የመንገድ አቧራ መስኮቱን ስለሚሸፍን ዘወትር ይጠረግ። ተራ መስተዋት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ ከመስተዋት በስተጀርባ አይተከል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባትሪም ያስፈልጋል።

ሆኖም ለሁሉ የሚሆን መድኃኒት አይደለም። የሰሊጥ ወይም የጥጥ ክምር ከውስጥ ሲጤስ ነበልባል ስለሌለው ይህ መሣሪያ አያየውም፤ ለዚያ የጢስ ጠቋሚ ይሻላል። ለትንሽ ሱቅም ከዚህ አስቀድሞ የእሳት ማጥፊያና የተስተካከለ የመብራት መስመር ይቀድማል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለአሠሪው የግዢ ደብዳቤ ሲጽፍ «የእሳት ጠቋሚ» ብቻ ብሎ በማዘዙ፥ ለነዳጅ ማከማቻው የሙቀት ጠቋሚ መጥቶለት ነበር። ስሕተቱ የሻጩ ሳይሆን የጸሐፊው ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማ የሚጠይቅ ነጋዴ የሚነደውን ዕቃ ዓይነት፥ ከመሣሪያው እስከ ዕቃው ያለውን ርቀት፥ የሪሌ ወይም የ4–20 ሚሊ አምፔር መውጫ መፈለጉን፥ የነዳጅ ተን ባለበት ስፍራ እንዲሠራ የተፈቀደ መሆኑንና መስኮቱን ራሱ የሚፈትን መሆኑን ለይቶ ይጻፍ። ዕቃውም ሲደርስ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በመሞከሪያ መብራት ይፈተን።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ ወጪው ከጉዳቱ በፊት ቢሆን ይሻላል።