ኳሷን ማን ያዛት?

በጁላይ ወር አንድ ምሽት፣ መብራት አጥፍቼ ጋደም እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። የታክስ ባለሙያ ስልክ በዚህ ሰዓት የሚጮኸው ኤፕሪል 15 ሲቃረብ ነው። በጁላይ ከተደወለ ወይ ሰው ታሟል፣ ወይ ከግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ከአይ አር ኤስ፣ ደብዳቤ መጥቷል። የደወለው ታክሲ የሚነዳ ደንበኛዬ ነበር፤ የዓመቱን ደረሰኝ በጫማ ካርቶን አጠራቅሞ በፌብሩዋሪ ጠረጴዛዬ ላይ የሚዘረግፍ ሰው።

«ጋሼ፣ ኳስ ያዝን!»

የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን ይዞ ዋሽንግተን ናሽናልስ ፓርክ ቤዝቦል ሊያይ ሄዶ ኖሯል። የእንግዳው ቡድን አንድ ለጋ ተጫዋች በሜጀር ሊግ የመጀመሪያውን ሆም ረን መታ፤ ኳሷም በርራ መጥታ እነሱ የተቀመጡበት ረድፍ ላይ አረፈች። አሁን የስታዲየሙ ሰዎች አጠገቡ ቆመዋል። ተጫዋቹ ኳሷን ለማስታወሻ ይፈልጋታል፤ በምትኩ ምን ይሰጣችሁ እያሉ ነው። እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ታክስ አለው እንዴ?»

«መጀመሪያ ንገረኝ፤ ኳሷን ማን ያዛት?»

«እኔ ነኛ!» አለ። ከኋላው የልጅ ድምፅ ተሰማ፤ «አባዬ፣ እኔ ነኝ!»

ትንሽ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ እውነቱ ወጣ። ኳሷ የአባትየውን መዳፍ መትታ ነጥራለች፤ ልጁ ጭን ላይ ስትወድቅ ልጁ በሁለት እጁ እቅፍ አድርጎ አስቀርቷታል። አባትየው እጁ እያበጠ ነው፤ ልጁ ኳሷን አልለቅም ብሏል።

እኔ አሜሪካ ስመጣ ቤዝቦልን አልወደድኩትም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ሰው ሲተፋና ኮፍያውን ሲያስተካክል ማየት ምን ይባላል እል ነበር። በልጅነታችን ገና ስንጫወት ሩሯ የማንም አልነበረችም፤ ስንበታተን የት እንደገባች የሚጠይቅ አልነበረም። እዚህ ግን ተመልካች መሀል የገባች ኳስ የያዛት ሰው ንብረት ናት። ይህም ቢሆን ከጥንት የመጣ አይደለም፤ ክለቦች ኳሷን መልሱ እያሉ ያስገድዱ ነበር። በ1921 ኒውዮርክ ውስጥ ኳስ አልመልስም ብሎ ከፖሎ ግራውንድስ የተባረረ ተመልካች ክለቡን ከስሶ 100 ዶላር አስፈርዷል። ዛሬ ጓንታቸውን ይዘው ስታዲየም የሚገቡት አዛውንቶች ለዚህ ሰው ምስጋና አለባቸው።

ለማንኛውም፣ ለደንበኛዬ በስልክ የነገርኩት ይህን ነው። ከቦታችሁ አትነሡ። ኳሷ ከልጁ እጅ አትውጣ፤ ሌላ ኳስ ካላችሁ ከሷ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቷቸው። ጭቃውንም የበትሩንም ምልክት አትጥረጉ። ስልክህን አውጣና ልጁን፣ ኳሷንና ከጀርባ ያለውን የውጤት ሰሌዳ ባንድ ላይ አንሣ። ቲኬቶቹን ጠብቅ። አጠገብህ ቪዲዮ የቀረጸ ሰው ካለ ስልክ ቁጥሩን ተቀበል።

«ጋሼ፣ እንዲህ የሚያስደርስ ነው እንዴ?» አለኝ።

ኳሷ ራሷማ ምንም አይደለችም። ኮስታ ሪካ ቱሪያልባ ውስጥ በሰው እጅ 108 ድርብ ስፌት የተሰፋች፣ አምስት አውንስ የምትመዝን ቆዳ ናት፤ አብረዋት ከፋብሪካ የወጡት ኳሶች በየልምምዱ ሜዳ አልቀዋል። እሷን ከነሱ የሚለያት ምስክር ብቻ ነው፤ በኛ ሙያ ደረሰኝ የምንለው። ክለቦቹም ይህን ያውቃሉ። የሐሰት ፊርማ ንግዱ በኤፍ ቢ አይ ምርመራ ከተጋለጠ በኋላ፣ ሜጀር ሊጉ በ2001 የራሱን የማረጋገጫ ሥራ አቋቁሟል። የቀድሞም ሆኑ በሥራ ላይ ያሉ ፖሊሶች ሜዳው ዳር ተቀምጠው ዕቃው ከጨዋታው ሲወጣ በዓይናቸው ያያሉ፤ ያዩትን ብቻ ቁጥር ያለው የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ይለጥፉበታል። ትልቅ ሪከርድ ሲጠበቅ ደግሞ ኳሶቹ ገና ሳይወረወሩ በምልክት ይለያሉ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚዘረገፈው የጫማ ካርቶን ይህን ቢያውቅ በወደድኩ።

ቪዲዮ ያልኩበትም ምክንያት አለው። ኦክቶበር 7 ቀን 2001 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባሪ ቦንድስ የዓመቱን 73ኛ ሆም ረን ሲመታ ኳሷ አንድ ሰው ጓንት ውስጥ ገባች። ገባች እንጂ አልሰነበተችም፤ በዚያው ቅጽበት ሕዝብ ተከመረበትና ሰውየውን ወለል ላይ ደፋው። ኳሷ አምልጣ ስትንከባለል፣ እሱም በግፊያው የወደቀ ሌላ ተመልካች አያትና አንሥቶ ኪሱ ከተታት። የመጀመሪያው ሰው ከሰሰ። በቦታው የነበረ አንድ የካሜራ ባለሙያ የቀረጸው ፊልም ዋናው ማስረጃ ሆነ፤ እሱም ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ስትገባ ያሳያል እንጂ ሰውየው ጨብጦ አስቀርቷት እንደሆነ አያሳይም። የሕግ ፕሮፌሰሮች «መያዝ» ማለት ምን ማለት ነው እያሉ ተከራከሩ። ዳኛው በዲሴምበር 2002 ሁለቱም መብት አላቸው፣ ኳሷ ተሸጣ እኩል ይካፈሉ ብለው ፈረዱ። ሚሊዮን ታወጣለች የተባለችው ኳስ በ2003 ጨረታ ላይ 450,000 ዶላር አወጣች። የከሳሹ ጠበቃ ለድካሙ የጠየቀው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ይበልጥ ነበር። አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ ተቀምጦ ባንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ነገር ነው። ፍርዱም ያው እኩሌታ ይሆን ነበር፤ የጠበቃው ሒሳብ ብቻ ይቀር ነበር።

ሰው ግን አልተማረም። በሴፕቴምበር 2024 ሾሄይ ኦታኒ ማያሚ ላይ 50ኛውን ሆም ረን የመታባት ኳስ ከእጄ ፈልቅቀው ወሰዱብኝ የሚል ክስ ቀርቦባት እያለ ነው ጨረታ ላይ የወጣችው። ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች።

ወደ ታክሱ ልመለስ። የአሜሪካ የግብር ሕግ ሠርተህ አገኘኸው ወድቆ አገኘኸው ብሎ አይመርጥም። ኦሃዮ ውስጥ ባልና ሚስት ያገለገለ ፒያኖ በ15 ዶላር ገዝተው ከዓመታት በኋላ ሲያጸዱት 4,467 ዶላር ተደብቆበት አገኙ፤ በ1969 ፍርድ ቤቱ ገቢ ነው፣ ታክስ አለበት አለ። ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው ሁሉም የገዛው ሶፋ ትዝ ይለዋል። ታዲያ በ1998 ማርክ ማግዋየር የዓመቱን የሆም ረን ሪከርድ ሊሰብር ሲቃረብ፣ ኳሷን ይዞ ለተጫዋቹ የሚመልስ ሰው የስጦታ ታክስ ሊጠየቅ ይችላል የሚል ቃል ከአይ አር ኤስ ሰው ወጣ። አገር ምድሩ ተንጫጫ። ኮሚሽነሩ ቻርልስ ሮሶቲ መግለጫ ማውጣት ግድ ሆነባቸው፦ ወዲያው የመለሰ ሰው ሽልማት ሲሰጡት አልፈልግም እንዳለ ሰው ይቆጠራል፤ የገቢም የስጦታም ታክስ የለበትም። «ወዲያው» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። ኳሷን ቤቱ ወስዶ ዋጋ ሲያጠያይቅ ከርሞ የመለሰ ሰው በዚህ መግለጫ ሥር አይጠለልም።

በነጻ የመለሰ ሰው እንግዲህ ሰላም ይተኛል። ጣጣው የሚመጣው በልዋጩ ነው። ጁላይ 9 ቀን 2011 ዴሪክ ጂተር 3,000ኛ ምቱን በሆም ረን ሲያደርገው ኳሷን የያዘው ወጣት፣ የትምህርት ዕዳ ያለበት ሞባይል ሻጭ፣ ምንም ሳይጠይቅ ለጂተር መለሰ። ክለቡ በበኩሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚያገለግል የክብር መቀመጫና ፊርማ ያለባቸው በትሮች፣ ኳሶችና ማልያዎች ሰጠው። በሳምንቱ ጋዜጦች ሁሉ የታክሱን ሒሳብ መሥራት ጀመሩ፤ የተሰጠው ነገር የገበያ ዋጋ ገቢ ሊባል ይችላልና በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ዕዳ ሊመጣበት ነው ተባለ። በመጨረሻ እኛ እንከፍልልሃለን የሚሉ ኩባንያዎች ተነሡ። የሁሉ ሰው ዕድል እንዲህ አይደለም። ስለዚህ ማንም ደንበኛዬ ለኳስ ምትክ ዕቃ ሲቀበል አንድ ወረቀት ላይ ዕቃውንና ዋጋውን ጽፎ እንዲያስቀምጥ እመክራለሁ፤ ገቢው ጥሬ ገንዘብ ባይኖርበትም ታክሱ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው።

ይዤ ልሽጥ ለሚል ሰው ደግሞ ሒሳቡ አጭር ነው። ኳሷን አልገዛትም፤ የተሸጠችበት ዋጋ ሁሉ ትርፍ ነው ማለት ይቻላል። የቲኬቱ ዋጋ አይቀነስም፣ ሆት ዶጉም አይቀነስም። ከአንድ ዓመት በላይ ይዞ የሸጠ ሰው የፌዴራሉ ታክስ ቢበዛ 28 በመቶ ነው፤ ከዚያ በፊት የሸጠ እንደ ደመወዝ ይታሰብበትና እስከ 37 ሊደርስ ይችላል። ይህን ሰምቶ ዓመት ልጠብቅ የሚል ሰው ገበያውንም ይስማ። የማግዋየርን 70ኛ ኳስ የገዛው ሰው 3 ሚሊዮን ዶላር በከፈለ በሦስተኛው ዓመት ቦንድስ መጥቶ ሪከርዱን ሰበረው። በኦክቶበር 2022 አርሊንግተን፣ ቴክሳስ ላይ የአሮን ጀጅን 62ኛ ሆም ረን የያዘው ሰው 3 ሚሊዮን ሲቀርብለት እምቢ ብሎ፣ በጨረታ 1.5 ሚሊዮን ማግኘቱ በሰፊው ተወርቷል። ታክሱ ቆይ ይላል፤ ገበያው ቶሎ በል ይላል። እኔ አድላ ብባል ለገበያው አደላለሁ፤ ዘጠኝ በመቶ ለማትረፍ ብሎ ግማሹን ዋጋ ያጣ ሰው ከማጽናናት ታክሱን ማስላት ይቀለኛል።

የደንበኛዬ ኳስ ከነዚህ ሁሉ ጎን የምትቆም አይደለችም። ስሙን ሰው ገና ያልለመደው ልጅ የመጀመሪያ ሆም ረን ናት፤ ለሌላ ሰው መጠነኛ ነገር ታወጣ ይሆናል፣ ለተጫዋቹና ለእናቱ ግን ምትክ የላትም። እንዲህ ያለችው እንድትመለስ ነው ምክሬ። ማን ያዛት ብዬ የጠየቅሁት ግን ለወግ አልነበረም። የአባትየው ከሆነች ልዋጩ በሱ ገቢ ላይ ይጨመራል። የልጁ ከሆነች፣ በ2024 ሕግ የጥገኛ ልጅ እንዲህ ያለ ገቢ ከ1,300 ዶላር ካላለፈ ማሳወቅም አያስፈልገውም ነበር። (ኳሷ የኦታኒ ብትሆን ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ከ2,600 ዶላር በላይ ያለው በወላጆቹ የታክስ መጠን ይታሰብ ነበር።)

«እሺ፣ ምን እንጠይቅ?» አለኝ።

«የያዛትን ጠይቀው።»

ልጁ የጠየቀው በትሩን ነው፤ ከዚያም ተጫዋቹን ራሱን ማየት። ሁለቱም ተፈቀደለት።

በፌብሩዋሪ አባትና ልጅ መጡ። የጫማ ካርቶኑ እንደ ወትሮው ተዘረገፈ፤ ከነዳጅና ከዘይት ደረሰኝ መሀል ሁለት የናሽናልስ ፓርክ ቲኬት፣ የፓርኪንግና የበረዶ ደረሰኝ ወጣ። በረዶው ለእጁ ነው። ሁሉንም ወደሱ ገፋሁለት። ልጁ በፎጣ የተጠቀለለውን በትር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተለጣፊው አለ፣ ፊርማው አለ፣ ከፊርማው በላይ የልጁ ስም ተጽፏል። አባትየው ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሳየኝ።

«ተመልከት ጋሼ፤ የልጄ ስም በጸ ነው የሚጀምረው። ቲ እና ኤስ ነው። ይሄ ሰውዬ ቲዋን ረስቷታል፤ ሌላ ልጅ አድርጎት ቁጭ! ይሄ ዋጋውን አይቀንሰውም?»

ይቀንሰዋል አልኩት። የሰው ስም የተጻፈበት ፊርማ ገበያ ላይ በርካሽ ነው የሚሄደው፤ ስሙ ከተሳሳተማ ልጁ ራሱ ነኝ ብሎ ለማስረዳት ይቸገራል። ለታክስ ግን ጥሩ ነው።

«ክለቡ ጋ ጻፍልንና ያስተካክሉት» አለ አባትየው።

ልጁ በትሩን ወደ ፎጣው መለሰ። «እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ቲ አለው አላልኩትም» አለ።

ፋይላቸው ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩ። በትር፣ አንድ፣ የልጁ።