ወንጪ፦ የእንግዳው ብር ወዴት ይሄዳል?

የገጠር መንደርን ለእንግዳ ስለ ማዘጋጀት የሚጠይቁኝ ወዳጆች እየበዙ ስለ መጡ፣ በሙያዬ የማውቀውን በወንጪ ምሳሌነት ላብራራ ወደድሁ። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ተራራ እምብርት፣ ጥንት እሳተ ገሞራ በከፈተው ጎድጓዳ ስፍራ የተኛው የወንጪ ሐይቅ፣ በደሴቱ ላይ የቅዱስ ቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ያቀፈ፣ በዙሪያውም እንሰት የሚተክልና ንብ የሚያነብ ሕዝብ የሰፈረበት ነው፤ የዓለም የቱሪዝም ድርጅትም በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል።

ይሁን እንጂ ምስጋና ብቻውን ሲሳይ አይሆንም። የነገሩ ምሥጢር ያለው በገንዘቡ ጉዞ ላይ ነው፤ እንግዳው የከፈለው ብር ለባለ ፈረሱ፣ ለጀልባ ቀዛፊውና ለመንገድ መሪው በየተራው የደረሰ እንደ ሆነ፣ በገበያ ቀን ገብስና ጨው መግዣ ሆኖ ለጎረቤት ይተርፋል፤ ምግቡም ሠራተኛውም ከከተማ ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ ግን፣ ብሩ በመጣበት መኪና ተመልሶ ይሄዳል። የወንጪ ሰዎች ከብዙ ዓመታት አስቀድሞ በማኅበር ተደራጅተው ተራ የሚጠብቁበትን ሥርዓት መሥራታቸውን፣ እኔ ከማናቸውም ያማረ ሕንጻ አብልጬ የማከብረው ስለዚህ ነው።

በገበታ ለሀገር የልማት መርሐ ግብር በስፍራው ታላቅ ማረፊያ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ፣ ዕለት ዕለት ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፦ በማለዳ ለእንግዳው የሚቀርበው ማር ከማን ቀፎ ተቆረጠ? ድንቹስ ከማን ማሳ ወጣ?