የታሰረን መጠየቅና የፖሊስ ተጠያቂነት

ለማኅበረሰብ አቀፍ የወንጀል መከላከል ውይይት ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ይጋበዛሉ። መልካም ነው፤ ሆኖም ፖሊስን ማገዝና የፖሊስን ሥራ መከታተል የተለያዩ ተግባራት ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። አንቀጽ 21 ደግሞ ታሳሪው ከቤተሰቡ፣ ከሐኪሙ፣ ከሕግ አማካሪውና ከሃይማኖት አማካሪው ጋር እንዲገናኝ መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ የንስሐ አባት ጣቢያ የሚገባው በኃላፊው በጎ ፈቃድ ሳይሆን በታሳሪው መብት ነው።

ካህኑ መርማሪ አይደለም፤ የንስሐ ምስጢርም አይወጣም። የተያዘበትን ቀንና በዓይኑ ያየውን ጉዳት ግን፣ ታሳሪው ከፈቀደ፣ ለቤተሰቡ ሊነግር ይችላል። ቤተሰብ ወይም ሦስተኛ ወገን ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በቃልም ሆነ በጽሑፍ ያለ ክፍያ አቤቱታ ያቀርባል። ኮሚሽኑ፣ በ2012 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ መሠረት፣ ማረፊያ ቤቶችን ሳያስታውቅ መጎብኘት ይችላል። የመቅጣት ሥልጣን የለውም፤ ይመረምራል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ አቤቱታው እንደተሰማለት ያየ ምእመን ለፖሊስ ምስክር ሆኖ ለመቅረብም አያመነታም። ሰበካ ጉባኤያት በአቅራቢያቸው ያለውን የኮሚሽኑን ጽሕፈት ቤት አድራሻ በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ቢለጥፉ ወጪው አንድ ወረቀት ነው።