ከማሽኑ በፊት ሥዕሉ

ፉሪ ላይ ቦታ ያለው አንድ ወዳጄ የልጆች መዝናኛ ሊከፍት ነው። በቀደም የወጪ ሰነዱን አምጥቶ "እስቲ እየው" አለኝ። የሚሽከረከሩ ፈረሶች፣ በአየር የሚነፋ መዝለያ፣ የሚጋጩ ትንንሽ መኪኖች፤ ሁሉም በፕሮፎርማ፣ ሁሉም በዶላር። አጥሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ የጥበቃው ደመወዝ እንኳ ተይዟል። ለቦታው ንድፍ የተያዘው ግን ዜሮ ነው። "እሱማ ማሽኑ ሲመጣ ሻጮቹ ያሳዩናል" አለ።

ሒሳቡ የተዛነፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1953 የዋልት ዲዝኒ ወንድም ሮይ ላሰቡት ፓርክ፣ ለዲዝኒላንድ፣ ገንዘብ ሊያፈላልግ ወደ ኒውዮርክ ሊሄድ ተነሣ፤ በእጁ የሚያሳየው ነገር ግን አልነበረም። ኸርብ ራይማን የተባለ ሠዓሊ ተጠርቶ ቅዳሜና እሑድን ሲሥል ዋለ፤ ፓርኩ ከሰማይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ወረቀት ላይ አሰፈረው። በተከታዩ ዓመት ኤቢሲ ቴሌቪዥን 500 ሺሕ ዶላር አዋጣ፣ እስከ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ለሚደርስ ብድርም ዋስ ሆነ፤ በምላሹ ከፓርኩ ከሲሶ በላይ ድርሻ ያዘ። እርግጥ ውሉን ያመጣው ሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ ዲዝኒ ሳምንታዊ ፕሮግራም ሊያቀርብለት ተስማምቷል። ግን ያልተሠራን ነገር ባለ ገንዘብ ፊት ያቆመው ያ ወረቀት ነው።

የመዝናኛ ቦታ ንድፍ አውጪዎች ገንዘብ ማስገኘት ብቻ ሳይሆን ይቆጥባሉም። የዲዝኒላንድ ግንብ ቁመቱ 23 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ድንጋዮቹ ስለሚያንሱ ግን ዓይን ተታሎ እጅግ ረዥም ያደርገዋል። ያልተገነባው ሜትር ሁሉ ያልወጣ ወጪ ነው። ከመንገድ ጫፍ ላይ ጎልቶ የሚታይ ነገር ማቆምም የእነሱ ብልሃት ነው፤ ጎብኚ ሳይታወቀው ወደዚያ ይራመዳል፣ በየደረሰበትም ይገዛል። ወዳጄ ለዚህ ብረት ማቆም አያስፈልገውም። የፉሪን ተራራ እግዜር በነፃ አስቀምጦለታል፤ እሱ ግን በሰነዱ ላይ የመግቢያውን ጀርባ ለተራራው ሰጥቶታል!

ማሽኑስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ወዲህ የመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ነጋዴ ይጠየቅ። ማሽን ደግሞ በየዓመቱ ያረጃል፣ ጎረቤትም ያንኑ ገዝቶ ነገ አጠገብዎ ይተክለዋል። ንድፍ እንዲህ በቀላሉ አይቀዳም፤ የሥነ ሕንፃና የሥዕል ሥራዎችን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለን።

"ይህ የአሜሪካ ወግ ነው" ለሚል መልሱ እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ አለ። የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ መካኒሳ ላይ የተበከለ መሬት አጽድተው በጭቃና በጭድ ዞማ ሙዚየምን አቆሙ፤ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። የግድግዳው ጥበብ ከአገር ግንበኛ፣ ጭቃውም ከአገር ነው። ያ ሥራቸው ታይቶ በታላቁ ቤተ መንግሥት የአትክልት ሥራ ተሰጣቸው፤ አንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲመረቅ የእነሱም እጅ ነበረበት። ኤልያስ ለሥዕሎቹም ከመርካቶ የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚገዛ ሰው ነው። ከርካሽ ነገር ውድ ነገር ማውጣት ኢኮኖሚስቶች እሴት መጨመር የሚሉት ነው።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ፍሎሪዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 በተከፈተው የዲዝኒ አኒማል ኪንግደም፣ ሐራምቤ የሚባለው መንደር የኬንያዋን ላሙ አስመስሎ የተሠራ ነው፤ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ሆን ተብሎ በባለሙያ ተሠርቷል። የእኛን የአፍሪካውያንን ግድግዳ አይተው እዚያ ትኬት ይቆርጡበታል፣ እኛ ደግሞ የፕላስቲክ ግንብ በዶላር እናስገባለን።

ወዳጄ ሆይ፣ ከማሽኖቹ ሁለቱን ሰርዝና ገንዘቡን ለንድፍ አውጪ ያዝ። ከፉሪ መካኒሳ ሩቅ አይደለም። ለማሽኖቹ ግዢ ባንክ ኤል ሲ ከመክፈትህ በፊት አንድ ቅዳሜ ልጆችህን ይዘህ ወደ ዞማ ሂድና የት የት እንደሚቆሙ ተመልከት።